የእማማ ግሳንግስ ጫካ

ከጓሮ በኩል «ክርር… ክርር…» የሚል ድምፅ መጣ። የብረት ጥርስ ደረቅ መሬት ሲቧጥጥ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። ምራቲቱ የያዘችውን ሻይ ሳትቀምስ ጆሮዋን አቆመች። ከጎኗ የተቀመጡት አሮጊት ስለ ጉልበታቸው ሕመም እያጫወቷት ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ ከሟች ይጀምሩና ዞረው ዞረው ጉልበታቸው ላይ ያርፋሉ።

«ጓሮ ምንድን ነው የሚቧጥጠው?» አለች ምራቲቱ።

«አታስቢ የኔ እናት» አለች ባለሱቋ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ እየገባች። ባለሱቋ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት፤ ቀብሩ ካለፈበት ከትናንት ጀምሮ ሱቋን ዘግታ እዚሁ ናት። «እትዬ ሰው ይዛ ጓሮውን እያስጠረገች ነው። ያ ሁሉ ቅጠል ተጠራርጎ ወጣልሽ። ብታዪው መሬቱ የታጠበ ሳህን መስሏል።»

ምራቲቱ ብድግ አለች። ሻዩ ቀሚሷ ላይ ተደፋ።

«ወዴት ነው?» ከግራም ከቀኝም እጆች ትከሻዋን ይዘው መለሷት። «ሐዘንተኛ አይደለሽ እንዴ? ዛሬ አንቺ ታለቅሺ እንደሆን እንጂ አትሠሪም። ታዲያ እኛ ለምን መጣን?»

«ቅጠሉ እኮ…»

«ተጠረገ አልኩሽ» አለች ባለሱቋ። «ተገላገልሽ።»

ቁጭ አለች። ምራቲቱ ሰው ቅር የሚያሰኝ ነገር ከምትናገር ምላሷን ብትውጥ ትመርጣለች። ከድሮም ስጉ ናት። ልጇ ብታስል ሳንባዋን ያመማት፣ ብትስቅ ትን የሚላት፣ ዝም ብትል ደግሞ ትኩሳት የያዛት ይመስላታል። ሰው ሲቆጣ ካየች ጥፋቱ የሷ ባይሆንም ይቅርታ ትጠይቃለች። ጓሮውን ያስጠረገችው ደግሞ የባሏ ታላቅ እህት ናት። የሟች የበኩር ልጅ ናት፤ ከሌላ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ለቀብር የደረሰች፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት። የሆዳቸው ልጅ እያለች ምራት ምን አፍ አላት?

ድምፁ ቀጠለ። ክርር። ክርር። እያንዳንዱ ክርርታ ቆዳዋ ላይ የሚሄድ መሰላት። የሚጠረገው የዓመታት ቅጠል ነው። ትናንት የተቀበሩት አማቷ እያንዳንዱን ዕቅፍ በእጃቸው ያነጠፉት።

*

ምራቲቱ ለዚህ ቤት ሙሽራ ሆና ስትመጣ ጓሮው ውስጥ አንድም የሚበላ ነገር አልነበረም። አፈሩ ከላይ እንደ አመድ የነጣ፣ ከሥሩ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ነበር። በዚያ አገር ዝናብ ሲመጣ እንደ ቁጡ ዘመድ ነው። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቆይና አንድ ቀን መጥቶ ሁሉን ደብድቦ ይሄዳል። የጣሪያው ውሃ በቧንቧው ይወርዳል፣ ጓሮውን አቋርጦ በአጥሩ ሥር ይወጣል፣ መንገድ ላይ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በማግሥቱ መሬቱ ዝናብ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

አማቷ ያን ጊዜ ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጡረታ ወጥተው ገና ቤት መዋል አልለመዱም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንሶላ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የእጃቸው ቆዳ ነጥቶ ተሸብሽቦ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ሲመታ ምራቲቱ በመስኮት ብታይ አማቷ ጓሮ መሃል ቆመዋል። ጃንጥላ የለ፣ ነጠላ ጫማቸው በጎርፍ ተወስዷል። በእጃቸው ዱላ ይዘው ጎርፉን እየተከተሉ መሬቱን ይጭራሉ።

«እማማ! ብርድ ይመታዎታል!» ብላ ሮጠች።

«ዝም በይ ልጄ፤ በየት በኩል እንደሚሸሽ እያየሁት ነው» አሉ፣ ሌባ እንደሚያሳድድ ሰው። ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ጠርገው «ውሃ እኮ እንግዳ ነው። ቁጭ በል ካላሉት ይሄዳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸኘው ነው የኖርኩት። አሁን ላስቀምጠው ነው» አሉ።

በማግሥቱ ዶማ ያዙ። ዱላው በጫረው መስመር ላይ ጉድጓድ በጉድጓድ ቆፈሩ። አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲያፈስስ አድርገው፣ እንደ ደረጃ። ከዚያ ጉድጓዶቹን መሙላት ጀመሩ። የሞሉበት ነገር ነው ሰፈሩን ያሳቀው። የተበጣጠሰ ካርቶን፣ የሆቴል አሮጌ አንሶላ፣ የአናጢ ቤት ፍቅፋቂ፣ የሻይ ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ሰው ከደጁ ጠርጎ የጣለው ቅጠል። ባለጋሪው የሰፈሩን ቆሻሻ ወደ መጣያ ሲወስድ በራቸው ላይ ያስቆሙትና ጋሪውን ይበረብራሉ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ቆሻሻ ነው» ይላል ባለጋሪው።

«ቆሻሻውማ ፌስታሉ ነው። እሱን ልቀምና ሌላውን እዚህ ገልብጥ።»

«ሌላው ሰው አታነሣልኝም ብሎ ይከራከረኛል፤ እርስዎ ደግሞ አንሥቼ ስሄድ።»

«አንተ ምን ቸገረህ፣ መንገድህ አጠረ።»

«እማማ ግሳንግስ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው እሱ ይሁን ባለሱቋ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንዱ በሌላው ላይ ያላክካል። ስሙ ግን ተጣበቀ። እሳቸውም አልተቆጡም፤ «ከስሜ ይልቅ ግሳንግሱን አምጡልኝ» ይሉ ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ምራቲቱ እጄን ልታጠብ ብላ ወጣችና በጓሮ በር በኩል አንገቷን ብቅ አደረገች።

መሬቱ ነጥቷል። ሮማኑ፣ ዘይቱኑ፣ ሎሚው፣ በለሱ ሁሉም በቦታቸው ናቸው፤ ከላያቸው ሞሪንጋው አለ፤ ወይኑ አጥሩ ላይ ተጠምጥሟል። ግን እግራቸው ባዶ ነው። ዛፎቹ ጫማቸውን አውልቀው የጋለ ድንጋይ ላይ የቆሙ ሰዎች መሰሏት። የስኳር ድንቹ ሐረግ ከቅጠሉ ጋር ተጎትቶ ተነቅሏል። ቅጠሉ በር አጠገብ፣ ቁመቱ ሰው አክሎ፣ ተከምሯል። ነፋሱ ደግሞ ከደረቁ ሜዳ በኩል ተነሥቷል፤ ይኼ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት አማቷ ቅጠሉን እጥፍ ያደርጉት ነበር።

ዓይኗ መጨረሻ ላይ የሄደው ከሮማኑ ጥላ ሥር ወዳለችው ወደ ማንጎዋ ነው። ገና የክንድ ቁመት ናት። የአማቷ የመጨረሻ ተክል ናት። በዚህ አገር ማንጎ አይበቅልም ያላላቸው ሰው አልነበረም። የላይኞቹ ቅጠሎቿ ለስልሰው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

ከኩሽና በር አንዲት ጎረቤት ትልቅ ሳፋ ይዛ ወጣች። የለቅሶ ቤቱ ሁሉ ብርጭቆና ሳህን የታጠበበት ውሃ ነው። በምራቲቱ አጠገብ አልፋ፣ በሩን በእግሯ ከፍታ፣ ውሃውን መንገድ ላይ ደፋችው። አቧራው «ጭስስ» አለ።

«ምነው ቆምሽ? ግቢ እንጂ፣ ፀሐይ ነው» አለቻት፣ ተመልሳ ስትገባ። ሴትዮዋ ደግ ናት። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር።

ማታ ባሏን ጠራችው። መካኒክ ነው፤ ከትናንት ወዲህ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ የበር ማጠፊያ ይፈታና ይገጥማል።

«ቅጠሉን ነገ ባለጋሪው ሊወስደው ነው አሉ» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«ማንጎዋ ትሞታለች።»

«እናቴ ሞታ ስለ ማንጎ ታወሪኛለሽ?» ሊላት ይችል ነበር፤ አላለም። እናቱን ያውቃታል። ግን «እህቴን ዛሬ አንድ ነገር ብላት ትፈርሳለች» አላት። «በሕይወት ሳለች አልደረስኩላትም እያለች ነው። ቤቱን ማሳመር ይዛለች። ተያት፤ ታምርላት።»

ምራቲቱ «እሺ» አለች። እሺ ማለት ለምዶባታል። ተኝታ ግን እጇ ያን የሚያውቀውን ነገር እያስታወሰ አላስተኛትም።

*

የመጀመሪያው ዓመት ሙሽራዋ ያንን ቅጠል ትፈራው ነበር። እባብ አለበት፣ ጊንጥ አለበት፣ ልጅ ስወልድ ምን ይውጠኛል ትል ነበር። አንድ ቀን አማቷ ገበያ ሲሄዱ ጠብቃ መጥረጊያ አንሥታ ጥግ ጥጉን ጠረገችው። ሲመለሱ አዩ። አልተቆጡም። እጇን ይዘው ከጠረገችው መሬት ላይ መዳፏን አስቀመጡት።

«እህ? ምን አለሽ?»

«ያቃጥላል።»

ወሰዱና ያልተጠረገው ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ እጇን እስከ አንጓዋ ከተቱት። ቀዝቃዛ ነበር። እርጥብ ነበር። የዳቦ ሊጥ የመሰለ ለስላሳ ነገር ጣቶቿን ያዛቸው። ዝናብ ካየ ወራት ያለፈው መሬት ነው።

«መሬት ራቁቷን ፀሐይ ላይ አትተውም» አሉ አማቷ። «አንቺ ራስሽ ልጅ ስትወልጂ ራቁቱን ታስተኚዋለሽ? ሁሉም ነገር ልብስ ይፈልጋል። እኔ የልብስ ሰው ነኝ፣ እመኚኝ። እባቡ እንዲሸሽ ደግሞ ስትሄጂ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ረገጥ ረገጥ አድርጊ፤ እሱም እንዳንቺ ፈሪ ነው።»

መጀመሪያ የተከሉት የሚበላ አልነበረም። ቶሎ የሚያድጉ፣ ቅጠላቸው የሚረግፍ፣ ማንም የማይፈልጋቸው ዛፎች ነበሩ። ባለሱቋ አጥር ላይ ተደግፋ «እማማ፣ ይኼ ይጠበሳል ወይስ ይቀቀላል?» ስትላቸው ከርማለች። ጥላው ሲደርስ ከሥሩ ፍሬዎቹን ተከሉ። ፍየል ገብታ ግማሹን በላች፤ እንደገና ተከሉ። የመጀመሪያዎቹ ፓፓያዎች በአንድ ሳምንት ነፋስ አለቁ፤ አኩርፈው ሦስት ቀን ቤት ዋሉና በነፋሱ በኩል ቁልቋል ደረደሩ። ፍሬዎቹ ጠና ሲሉ ደግሞ እነዚያን የጥላ ዛፎች ራሳቸው ቆርጠው፣ ቅርንጫፋቸውን እዚያው መሬት ላይ አለበሱት።

«ተክሎ መቁረጥ ምን ይሉታል?» አለች ባለሱቋ። «ጤና የለም እዚህ ቤት።»

«ሞግዚት ናቸው» አሉ እማማ ግሳንግስ። «ልጁ ቆሞ ሲሄድ ሞግዚት ትሄዳለች። መሄዷ ክፋት ነው?»

ውሃውንም እንደ ልብስ አጣቢ ነው የሚከፋፍሉት። የሳሙናው ውሃ ለጥላ ዛፎቹ፣ የማለቅለቂያው ለፍሬዎቹ፣ ፊት የታጠቡበት ለችግኞቹ። ሲያጠጡ ደግሞ ውሃውን ዝም ብለው አይደፉም። በግራ እጃቸው ማሰሮውን ያዘነብላሉ፣ ቀኝ መዳፋቸውን ከሥር ያደርጋሉ። ውሃው መዳፋቸው ላይ ወድቆ በጣቶቻቸው መሃል ቀስ ብሎ ይወርዳል።

«ለምንድን ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«እንዳያቆስላት» አሉ። «ውሃም ሲወድቅ ይመታል።»

ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ የሰፈሩ ሰው ለውሃ ቦቴ ሲሰለፍ፣ ከዚያ ጓሮ ሮማን ወጣ። ዘይቱን ወጣ። ሞሪንጋው ለምለም ቅጠሉን አላቋረጠም። እማማ ግሳንግስ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡና ለሚያልፍ ልጅ ሁሉ አንዳንድ ያስይዛሉ። «ፍሬውን ብላና ልጣጩን አምጣልኝ» ነበር ስምምነቱ። ባለሱቋ ያን ዓመት ነው አጥሩ ላይ መሳቋን ትታ የሱቋን ካርቶን ሁሉ ማቀበል የጀመረችው። የምራቲቱ ልጅም ትንሽ ሆና ምግብ እንቢ ባለችበት ጊዜ አፏን የከፈተችው ለበለሱ ነው። አያቷ ዛፉ ሥር አስቀምጠው ራሷ እንድትለቅም ተዉአት፤ ምራቲቱ ከዳር ሆና «ጉንዳን፣ እማማ፣ ጉንዳን አለበት» ስትል፣ ልጅቷ አገጯ እስኪንጠባጠብ በላች።

*

በማግሥቱ ነፋሱ ባሰ። ለቅሶ ደራሹ ግን አልቀነሰም። ምራቲቱ ከእትዬ ጎን ተቀመጠች። እትዬ ከመጣች ጀምሮ አላለቀሰችም፤ ጥጉን ታብሳለች፣ ወንበር ታስተካክላለች፣ ትሪ ትቆጥራለች። አሁን ግን ደክሟት ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነበር።

«እጇ ነው የሚታወሰኝ» አለች ድንገት፣ ለማንም ሳይሆን። «ከሆቴል ስትመጣ ደክሟት ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ታጥበኝ ነበር። እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ እጮኻለሁ። እሷ መዳፏን አናቴ ላይ ታደርግና ውሃውን በመዳፏ ላይ ታፈስሰዋለች። በጣቶቿ መሃል ይወርድልኛል። አንድም ቀን መቶኝ አያውቅም።»

ምራቲቱ ቀና ብላ አየቻት። አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ያኔ ከውጭ የጋሪ ድምፅ ተሰማ።

ባለጋሪው ጋሪውን ወደ በሩ አስጠግቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በአካፋ ቅጠሉን እየጫነ ነበር። ግማሹን ጭኗል። ምራቲቱ መቼ እንደተነሣች፣ ማን «ቁጭ በይ» እንዳላት አታስታውስም። የጋሪውን ጎን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ተው» አለች።

«እኔ ምን ላድርግ እቴ» አለ ባለጋሪው። ዓይኑ ቀልቷል። «ታዘዝኩ። ዕድሜ ልኬን ያመጣሁትን ዛሬ መልሼ ስወስድ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ግማሹን ቅጠል በመልኩ አውቀዋለሁ።»

«አውርደው።»

እትዬ በሩ ላይ ደረሰች። ከኋላዋ ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምን ሆነሻል? ሰው እያየን ነው» አለች እትዬ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ምራቲቱ እጇን ከጋሪው አላነሣችም። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይኼ ቅጠል መሄድ የለበትም።»

«ቆሻሻ ነው!»

«አይደለም።»

«እናቴን ምን ብለው እንደሚጠሯት አላውቅም መሰለሽ?» የእትዬ ድምፅ ተሰበረ። «እኔ ሩቅ ሆኜ ነው የሰማሁት። ግሳንግስ። የሰው አንሶላ ስታጥብ አርጅታ በመጨረሻ የወጣላት ስም ግሳንግስ። ቢያንስ አሁን፣ ሰው ሲመጣ፣ ቤቷ ንጹሕ ሆኖ ይታይላት አልኩ። ይኼ ጥፋት ነው?»

ባለሱቋ ትሪዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ስሙን እኛ ነን ያወጣነው» አለች። «እኔና ይኼ ባለጋሪ። መጀመሪያ ለመሳቅ ነበር፤ አልዋሽሽም። ኋላ ግን፣ ውሃ በጠፋበት ዓመት፣ ልጆቼ ከዚህ ጓሮ በልተዋል። ከዚያ ወዲህ ግሳንግስ ብዬ ስጠራቸው ብድግ ብዬ ነው።»

«እውነቷን ነው» አለ ባለጋሪው። «እኔም ፌስታል ረስቼ ከገለበጥኩ ግን ብድግ የምለው በድንጋጤ ነው።»

አንዳንዱ ሰው ፈገግ አለ። እትዬ ግን ፈገግ አላለችም። ምራቲቱ ጋሪውን ለቀቀች፤ ቀርባ የእትዬን እጅ ያዘች። በራሷ ድፍረት ራሷ ደነገጠች።

«ነይ» አለቻት። «አንዴ ብቻ ነይ። ከዚያ ያልሽው ይሁን።»

በዛፎቹ መሃል ወሰደቻት። ከማንጎዋ አጠገብ አስቀመጠቻትና መዳፏን ነጩ መሬት ላይ አደረገችላት። እትዬ እጇን ቶሎ አነሣች።

«ይፋጃል።»

ከዚያ ወደ አሮጌው የልብስ ማስጫ ግንድ ጀርባ ወሰደቻት። ጠራጊዎቹ ያልደረሱባት አንዲት ጥግ ነበረች፤ ቅጠሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሞላል። የእትዬን እጅ ቅጠሉ ውስጥ ከተተችው። አንድም ቃል አልተናገረችም።

እትዬ እጇን አላወጣችም። ተንበርክካ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው ምራቲቱ ማልቀሷን ያወቀችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ርጥብ ነው» አለች እትዬ። «በዚህ ወቅት።»

«መሬት ራቁቷን ፀሐይ ላይ አትተውም ይሉ ነበር። እኔም መጀመሪያ ስመጣ ጠርጌባቸዋለሁ።»

«ያቺስ ምንድን ናት? ትንሿ።» እትዬ በዓይኗ ወደ ማንጎዋ አመለከተች።

ምራቲቱ ትንሽ አመነታች። «ባለፈው ስትመጪ ማንጎ አምጥተሽ ነበር አይደል? በቅርጫት። ሁላችንም በላን። እማማ ፍሬ ፍሬውን ሰበሰቡ። ካበቀሏቸው ውስጥ አንዷ ናት የያዘችው። እዚህ አገር አትሆንም አልናቸው። ‹ጥላ እስኪደርስላት ነው የጠበቅኩት፣ አሁን ደርሷል› አሉ። ጠዋት ጠዋት ሲያጠጧት ‹ታላቂቱ እንዴት አደረች?› ነው የሚሏት።»

እትዬ ወደ ማንጎዋ ለረጅም ጊዜ አየች። የለሰለሱ ቅጠሎቿን፣ ሥሯን፣ የተላጨውን መሬት።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት» አለች።

«አላወቅሽም።»

እትዬ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። ወደ ጋሪው ሄዳ፣ አካፋ እስኪሰጧት አልጠበቀችም፤ ደረቁን ቅጠል በሁለት ክንዷ አቀፈችው። ጥቁር ልብሷ ላይ አቧራው ነጣ። ያንን ዕቅፍ ማንጎዋ ሥር አምጥታ አነጠፈችው። ከዚያ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ሳይቀሩ አንድ እፍኝ ይዘው መጡና «እኔ ለሎሚው ነው፤ ሎሚው ሁልጊዜ ደህና ነሽ ወይ ይለኛል» አሉ። የሳህን ውሃውን የደፋችው ጎረቤት ጋሪው አጠገብ ቆማ «ውሃውም ለዛፎቹ ነበር እንዴ?» ብላ ምራቲቱን ጠየቀቻት፣ ቀስ ብላ። ምራቲቱ ራሷን ነቀነቀች። «የሳሙናው ለሞሪንጋው፣ የማለቅለቂያው ለፍሬዎቹ» አለቻት። ሴትዮዋ ግንባሯን መታ አድርጋ ወደ ኩሽና ሮጠች። ባለጋሪው ጋሪውን ገለበጠውና፣ ከልማዱ፣ ጎንበስ ብሎ ፌስታል ይፈልግ ጀመር።

የምራቲቱ ባል ከበሩ ሆኖ ሁሉን አይቷል። አጠገቧ ሲያልፍ «እሺ ማለት ተውሽ ማለት ነው?» አላት። ከእናቱ ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዱ ነው።

*

የለቅሶው ቀናት አለቁ። ወንበሮቹ ወደየባለቤታቸው ተመለሱ፤ ባለሱቋ ሱቋን ከፈተች፤ ቤቱ ሰው የሚበዛበት ሳይሆን ሰው የጎደለበት ቤት ሆነ። ማንጎዋ የላይኞቹን ቅጠሎች ጣለች። ግንዷ ግን አረንጓዴ ነው፤ ምራቲቱ በጥፍሯ ጫር አድርጋ አይታዋለች፣ በቀን አንዴ ሳይሆን ሦስት አራቴ። ትተርፍ እንደሆነ ገና አልታወቀም። ልጇ «አያቴ ቢሆኑ በጥፍር አትነካኪያት ይሉሽ ነበር» አለቻት፤ እውነቷን ነው።

እትዬ የምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋ በር ላይ ወጥቷል። ምራቲቱ በሳፋ ውሃ አቀረበችላት። እትዬ ያበጠ ፊቷን ታጠበች፤ ደጋግማ፣ ውሃው እስኪደፈርስ። ምራቲቱ ሳፋውን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አለች እትዬ።

ሳፋውን ራሷ ይዛ በዛፎቹ መሃል፣ እግሯን ከፍ እያደረገች፣ ቅጠሉን ረገጥ ረገጥ እያደረገች ሄደች። ማንጎዋ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። ሳፋውን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ በግራ እጇ አዘነበለችው፤ ቀኝ መዳፏንም ከሥር አደረገች። ውሃው መዳፏ ላይ ወደቀና በጣቶቿ መሃል ቀስ ብሎ ወረደ። ምራቲቱ ያሳየቻት ነገር አልነበረም፤ ማንም አላሳያትም።

ሳፋው ባዶ ሲሆን እትዬ አልተነሣችም። ውጭ መኪናው ጥሩንባ ነፋ። እሷ እርጥቡን መዳፏን አነሣችና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ አድርጋ የራሷ አናት ላይ አስቀመጠችው።